ሁለት ፊደል

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወንድማማቾች ነበሩ። በኪራይም በሽሮም ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው መልእክት አጻጻፍ ነበር።

ታናሹ ጣቱን ቆጣቢ ነው። አመሉ የጀመረው በባለቁልፍ ስልክ ዘመን ነው። ያኔ «እሺ»ን በላቲን ፊደል ለመጻፍ 12 ጊዜ መጫን ነበረበት፤ «ኦኬ» ግን በ5 ያልቃል። ስለዚህ ለአያቱ ሳይቀር ኦኬ ይል ነበር። ስልኩ ቢቀየርም አመሉ አልተቀየረም፤ አሁን አናባቢውን ሁሉ ጥሎ «ሰላም»ን በሦስት የላቲን ተነባቢ ይልካል።

«በእኛም ፊደል እኮ ሦስት ነው፤ ምኑን ቆጠብከው?» ይለዋል ታላቁ።

«ሦስቱን ለማውጣት አምስት ጊዜ ትነካለህ። ደግሞ አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ሲይዝ በእኛ 70 ብቻ ነው።»

«ሰባውንስ መቼ ሞልተኸው ታውቃለህ?»

ኅዳር ላይ ከደብረ ብርሃን የእናታቸው መልእክት መጣ፤ የጎረቤት ተማሪ ነው የጻፈላቸው። «ልጆቼ፣ መቼ ትመጣላችሁ?» ይላል። ወንድማማቾቹ በማኪያቶ ተወራረዱ፤ ባጭሩ የመለሰ ይጋበዛል። ታላቁ «እማዬ፣ መቼ እንደምንመጣ ገና አልወሰንንም» ብሎ 21 ፊደል ደረደረ። ታናሹ የወንድሙን ስልክ አጮልቆ አየና ከመሀሉ ሁለቷን ለቅሞ ላከ፦ «ገና»። (ለእናቱ በፊደል ይጽፋል፤ ያን ያህልስ አልባለገም።) ታላቁ የራሱን ሳይልክ እያጉረመረመ ከፈለ።

ደብረ ብርሃን ላይ ተማሪው ሲያነብላቸው «ና»ን ጠበቅ አደረጋት።

ታኅሣሥ 29 ዶሮው ተሠራ፣ እንቁላሉ ተላጠ፣ እናት በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። ሲመሽ ደወሉ።

«የት ደረሳችሁ?»

«እማዬ፣ ገና ብለን ነበር እኮ!»

«ታዲያ ገና ዛሬ አይደል?»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሁለቱም መናኸሪያ ነበሩ። የሁለቱንም መሳፈሪያ የከፈለው ታናሹ ነው።

ግዕዝ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን አናባቢ እስኪበጅለት ድረስ በተነባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ አናባቢ መጣልን ዘመናዊነት ያደረገው ታናሽ የተመለሰው ከ1,600 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ይሁን፣ «ሰላም» ያለ አናባቢም ይገባል። መጥበቅና መላላትን ግን ዛሬም በዘወትር ጽሑፋችን አናሳይም፤ ለአንባቢው ትተንለታል። አንባቢው ደግሞ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚያጠብቀውና የሚያላላው፤ ተማሪውም ሲያነብ የእናትን ፊት እያየ ነበር። እኔ በእሱ አልፈርድም። ታናሹ የቆጠባት እያንዳንዷ ፊደል ሥራዋን ለሌላ ሰው አስተላልፋለች፤ ለባልደረባ ሲሆን ግድ የለም፣ ደውሎ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ያሉት እናት ግን ጥያቄያቸውን ጠይቀው መልስ አግኝተዋል፤ ምን ብለው ደግመው ይጠይቁ?

ማኪያቶው ለታላቁ ይገባው ነበር። እናንተም ለእናታችሁ ስትጽፉ «አልወሰንንም»ን አትቁረጧት፤ ሰባት ፊደል ናት፣ ቁጠሯት።