ማሕፀን ውስጥ ያለውን ማወቅ፤ ካወቁ በኋላስ?



ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ከተማ የምትኖር አንዲት የሥጋ ዘመዴ ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኑ ሲወለድ የጀርባው አከርካሪ አልተገጣጠመም፤ ሕብለ ሰረሰሩ በቆዳ አልተሸፈነም ነበር። በሰባተኛው ቀን ስም ወጣለት፣ ዐቂቃም ታረደለት። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ አኺራ ሄደ። ለቅሶ ከመጡት መካከል አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤ ሌላዋ ደግሞ እናቲቱ በምትሰማበት ሁኔታ «ምን ሠርታ ይሆን?» ብላ ተንሾካሾከች።

ይህች እህት አሁን ደግማ አርግዛለች። ክትትል የምታደርግላት ነርስ ያለፈውን ታሪኳን ከሰማች በኋላ ደብረ ታቦር ሄዳ በአልትራሳውንድ በደንብ እንድትታይ መከረቻት። ባሏ ግን አልተስማማም። በዚህም ምክንያት በዕድሜ ከፍ የምለው እኔ ስለሆንኩ ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ እኛ አላህ የሰጠንን እንቀበላለን። ደህና አለመሆኑን ብናውቅስ ምን ልናደርግ ነው?» አለኝ ባልዬው።

ስልኩን ተቀብላ እርሷ ቀጠለች። «እኔ የምፈራው ማወቁን አይደለም ጋሼ። ያለፈው ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ እጄ ላይ አየሁት። አሁንም እንደዚያ እንዳይሆንብኝ ነው።»

እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ባልዬው እንደ እምቢታ የተናገራትን ቃል ሳወጣት ሳወርዳት ግን የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እርሷው ሆና አገኘኋት። ብናውቅስ ምን ልናደርግ ነው?

በመጀመሪያ አንድ ብዥታ እናጥራ። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ላይ በማሕፀን ውስጥ ያለውን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑ ተገልጿል። ታዲያ በመሣሪያ መመልከት በአላህ ዕውቀት ውስጥ መግባት አይሆንም ወይ? የሚሉ ወገኖች አሉ። አይሆንም። መሣሪያው የሚያየው አጥንትንና ሥጋን ነው፤ እርሱንም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል። የሕፃኑ ሪዝቅ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዕድሜው የት እንደሚደርስ፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ ለወላጆቹ መጦሪያ ይሁን መፈተኛ፣ የትኛውም ሐኪም በየትኛውም መሣሪያ አይቶት አያውቅም።

ሁለተኛው ብዥታ ተወኩልን ይመለከታል። ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ላለው ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነበር የመለሱት። ሰበብን መፈለግ ራሱ ከቀደር ውስጥ ነው።

ከራሳችን አገር ምሳሌ ላንሳ። በጎንደርና በወሎ ገጠር ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር። ሾተላይ ልጅ የሚገድል መንፈስ ነው እየተባለ ስንት ክታብ ተጻፈ፣ ስንት ዶሮ ታረደ! አንዳንድ ጊዜ ግን ነገሩ የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ በመሆኑ የሚመጣ ነው። የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ሥራ ላይ የዋለው አንቲ ዲ የተባለው መርፌ በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ይህንን ይከላከላል። አያቶቻችን ቀደር ነው ብለው ያለቀሱበት ሞት ከአንዲት ጠብታ የደም ምርመራ በኋላ የሚቆም ነበር ማለት ነው። አያቶቻችን አልተጠየቁም፤ አላወቁምና። እኛ ግን እያወቅን ብንተወው ምን ብለን እንመልሳለን?

እንግዲህ ወደ ባልዬው ጥያቄ እንመለስ። «ምርመራ» የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ብናውቅ ምን እናደርጋለን? ለሚለው በሚሰጠው መልስ መሠረት በሦስት ከፍለን ብናየው ይሻላል።

የመጀመሪያው፣ መልሱ ሕክምና የሆነበት ምርመራ ነው። የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የሽንት ስኳርና የደም ግፊት ምርመራዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በነዚህ የሚገኘው ውጤት እናትንም ልጅንም ያድናል። እዚህ ላይ ማመንታት ምክንያት የለውም። ነፍስ አማና ናት፤ አማናን መጠበቅ ደግሞ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው፣ መልሱ ዝግጅት የሆነበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። የልጁ ጀርባ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ቤት ውስጥ መውለድና ቀዶ ሕክምና ባለበት ትልቅ ሆስፒታል መውለድ ትልቅ ልዩነት አለው። ክፍቱ ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ሳይዘገይ ቢዘጋ ሕፃኑ ከኢንፌክሽን የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሳው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ያየ ሰው፣ አስቀድሞ ማወቅና አስቀድሞ መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በዚህ ክፍል ከምርመራም የሚቀድም ነገር አለ። የሕፃኑ ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ይህም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት እንዳሳየው፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ ያረገዙ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 ከመቶ ቀንሷል። ለሌሎች ሴቶች የሚመከረው በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። አገራችንም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች በዱቄታቸው ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨምሩ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥታለች። በጉና ተራራ ሥር ገብሱን በሠፈር ወፍጮ አስፈጭቶ ለሚበላው ቤተሰብ ግን የፋብሪካ ዱቄት አይደርሰውም፤ ለእርሱ የሚደርሰው ኪኒኑ ነው። ስለዚህ ኒካሕ ሲታሰር ስለ መህርና ስለ ድግስ የምንነጋገረውን ያህል ስለዚህች ኪኒን አንድ ቃል ብንናገር ምን ይጎዳናል?

ሦስተኛውና ከባዱ ክፍል፣ ሕክምናም ሰፊ ዝግጅትም የማይከተለው ምርመራ ነው። ዳውን ሲንድሮምን የመሰሉ ሁኔታዎችን ለመለየት የሚደረጉት ከዚህ ይመደባሉ። በጤና ጣቢያዎቻችን መደበኛ አገልግሎት ውስጥ ባይኖሩም፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየክትትላቸው ይቀርቡላቸዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማወቅ ይበጃል። አንደኛ፣ የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚናገረው ዕድልን እንጂ ፍርድን አይደለም። «ከ100 አንድ» ከተባለ፣ 99ኙ እናቶች ያንን ልጅ አያረግዙም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለማረጋገጥ ከማሕፀን በመርፌ ውኃ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ጽንስ የማስወረድ አደጋ አለው። ስለዚህ አንዲት እናት «ውጤቱ ምንም ቢሆን ልጄን እወልዳለሁ፤ ያለ ጭንቀት ልረግዝ» ብላ ይህንን ምርመራ ብትተው ኋላ ቀር አይደለችም። ሌላዋ «ቀድሜ አውቄ ልቤን ላሰናዳ» ብላ ብትመረመር ደግሞ ኢማነ ደካማ አትባልም። የሚመዘነው ኒያ ነው።

ኒያው ጽንሱን ማስወረድ ከሆነስ? እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዑለማዎች ያሉትን ብቻ ላቅርብ። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በረጀብ 1410 ዓመተ ሂጅራ (የካቲት 1982 ዓ.ም.) ባደረገው ጉባኤ እንዲህ ወስኗል። እርግዝናው 120 ቀን ከሞላ በኋላ ጽንሱ ጉድለት አለበት ተብሎ ማስወረድ አይፈቀድም፤ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ መውደቁ በሐኪሞች ካልተረጋገጠ በስተቀር። ከ120 ቀን በፊት ግን ታማኝ የሆኑ ልዩ ሐኪሞች ጉድለቱ እጅግ ከባድና የማይድን መሆኑን ካረጋገጡና ወላጆች ከጠየቁ ይቻላል። ከዚህ የሚያጠብቁ መዝሀቦች አሉ፤ ወሰኑን 40 ቀን የሚያደርጉ ዑለማዎችም አሉ። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ደግሞ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው ማቋረጥን አይቀጣም። ሕጉ የማይቀጣው ነገር ሁሉ ግን በአላህ ዘንድ የማያስጠይቅ አይደለም። የራስ ቅል ሳይኖረው የሚፈጠርና ከተወለደ በኋላ ከሰዓታት ወይም ከቀናት የማያልፍ ጽንስና ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ቀን ቆጠራው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላመልክት። ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ነው፤ ፊቅህ ደግሞ ከፅንሰቱ ነው። በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ የፊቅሁ 120 ቀን በሐኪም አቆጣጠር 19 ሳምንት ገደማ ይሆናል። የጽንሱ አካል በዝርዝር የሚታየው ደግሞ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በጣም ጠባብ በር ናት! ዑለማን ማማከር የሚፈልግ ሰው ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቅ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ውድ አንባቢያን፣ እስካሁን ወላጆችን ስንጠይቅ ቆየን። ብናውቅስ ምን ልናደርግ ነው? የሚለው ጥያቄ ግን እኛንም ይመለከታል። እናቲቱን «እንዳታስወርጂ፣ ሐራም ነው» የምንል ሰዎች፣ ልጁ ሲወለድ የት ነው የምንገኘው? «ምን ሠርታ ይሆን?» ብላ የተንሾካሾከችው ሴት በየሠፈራችን አለች። የአካል ጉዳተኛ ልጅ ወደ መድረሳ ሲመጣ «ይረብሻል» ተብሎ የሚመለስ ከሆነ፣ እናቲቱ ፈርታ ብታስወርድ ከወንጀሉ ድርሻ የለንም ወይ? ሱረቱ ዐበሰ የወረደው በአንድ ዓይነ ሥውር ሰው ምክንያት ነው። ያ ሰው፣ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.)፣ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ሆኗል፤ ነብዩ ከመዲና ሲወጡም በእርሳቸው ምትክ ተሹሟል።

በዘመናችንም ምሳሌ አለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ባወቀች ጊዜ አልደበቀችውም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ድረስም የብዙ እናቶች ልጆች ደጃፍ ሆና ቆየች። ልብ በሉ፣ ኦቲዝምን የሚያሳይ የእርግዝና ምርመራ የለም። ምርመራ ሁሉንም ቢያደርጉ እንኳ ወላጅነት ያልታየን ልጅ መቀበል ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ይህንኑ ለዘመዶቼ በስልክ ነገርኳቸው። ባልዬው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። እርሷ ግን ቀድማ ወስና ነበር። «ጋሼ፣ ጀርባው ክፍት ቢሆንም አላስወርደውም። ግን የት እንደምወልደው ማወቅ አለብኝ» አለችኝ። ኪኒኑንም ነርሷ መክራት ከማርገዟ በፊት ጀምራ ስትወስድ ኖራለች። አሥራ ስድስተኛ ሳምንቷ ላይ ናት፤ በአሥራ ስምንተኛው ወደ ደብረ ታቦር ትሄዳለች። ባሏ አብሯት ይሄዳል። ምናልባት ካስፈለገ በማለትም ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶች ቤት ማረፊያ ተነጋግሮ ጨርሷል።

ውጤቱ ምን እንደሚሆን እርሷም እኔም አናውቅም። ካወቁ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ግን ያውቃሉ። የቀረው የጎረቤት ድርሻ ነው፤ ባለፈው ጊዜ ለተንሾካሾኩት ሴቶች ይህችን ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ወላሁ አዕለም።