ሲሾም ያልተናገረ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሆድ ነው። ነገር ግን በሹመት ዘመን ሳይበሉት ብቻ ሳይሆን ሳይናገሩት የሚቀርም ነገር አለ፤ እሱም ሐቅ ነው። ለመሆኑ አንድ መሪ ከወንበሩ ከወረደ በኋላ የሚናገረው ሐቅና የሚሠራው በጎ ሥራ፣ በወንበሩ ላይ ሳለ ያጎደለውን ይሞላለታልን?

ይህን ጥያቄ የሚያስነሳው የ39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ሕይወት ነው። ካርተር እ.ኤ.አ. በ1924 በጆርጂያ ግዛት፣ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በባሕር ኃይል አገልግለው፣ ኦቾሎኒ አምርተው፣ የግዛታቸው ገዥ ሆነው በ1977 ኋይት ሐውስ ገቡ። በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ያረፉትም በዚያችው ከተማ ነው።

ካርተር ሥልጣን ሲይዙ የውጭ ፖሊሲያቸው መመሪያ ሰብዓዊ መብት እንደሚሆን አውጀው ነበር። ሚዛኑ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1977 ደርግ በሚፈጽመው የመብት ረገጣ ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ወታደራዊ ርዳታ እንዲቀነስ ተወሰነ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ምሽት ግን ካርተር ቴህራን ላይ ከሻህ ጋር ጽዋ አንስተው ኢራንን የመረጋጋት ደሴት ብለው አወደሷት። የሻህ የስለላ ድርጅት ሳቫክ በእስረኞች ላይ የሚያደርሰው ስቃይ በዚያን ጊዜ የተደበቀ ምስጢር አልነበረም። ዓመት አለፍ እንዳለ ሻህ አገር ጥለው ወጡ። ቀጥሎም ኤምባሲው ተያዘ፤ 52 አሜሪካውያን ለ444 ቀናት ታገቱ፤ ካርተርም በ1980 ምርጫ ተሸነፉ። ወዳጅን የማይመዝን ሚዛን ምኑን ሚዛን ሆነ?

በሴፕቴምበር 1978 ሳዳትንና ቤጊንን ካምፕ ዴቪድ ላይ ለ13 ቀናት አስቀምጠው አስማሙ። ግብጽ ሲናን አስመለሰች፤ ከዚያ ወዲህም ከእስራኤል ጋር ጦርነት አልገጠመችም። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሆኖም የፍልስጤማውያን ዕጣ የተጻፈው እነሱ ባልተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቃል የተገባላቸው ራስን በራስ ማስተዳደር ወረቀት ላይ ቀረ፤ በመሬታቸው ላይ የሚሠራው ሰፈራ ግን ተስፋፋ።

ከሥልጣን በኋላስ? በ1982 ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል የጊኒ ዎርምን በሽታ ለማጥፋት ዘመተ። በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ የነበረው ይህ ትል በ2024 የተገኘው በ15 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም፤ ወደ ኋላ የመለሰው ውኃን በጨርቅ የማጥለልና መንደርተኛውን የማስተማር ሥራ ነው። በእኛም አገር፣ በጋምቤላ ይኸው ሥራ ሲካሄድ ቆይቷል። በ1989 ደግሞ ካርተር ደርግንና ሻዕቢያን በአትላንታና በናይሮቢ አገናኝተው አወያይተዋል፤ ፍሬ ባያፈራም።

በ2006 ስለ ፍልስጤም በጻፉት መጽሐፍ አርዕስት ላይ «አፓርታይድ» የሚለውን ቃል አኖሩ። ውግዘት ወረደባቸው፤ ከማዕከላቸው የአማካሪ ቦርድ 14 አባላት ሥራቸውን ለቀቁ። እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም።

አንዳንዶች «ከረፈደ የተነገረ ሐቅ ርካሽ ነው፤ በ1978 አንድ ፊርማ ከሺህ ገጽ መጽሐፍ ይበልጥ ነበር» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሌሎች ደግሞ «ስንቱ ሹም ጡረታ ሲወጣ ለንግግር ገንዘብ ሲሰበስብ፣ እኚህ ሰው ስማቸውን ለሐቅ አስደፈሩ» ይላሉ። እነዚህም እውነት አላቸው።

በእኛ አስተያየት አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ከትል የዳነው ገበሬ ምስጋና የእሱ ነው፤ የሳቫክ እስረኛም አቤቱታ የእሱ ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በሌላ ሰው ምስጋና እንደማይካካስ ሙስሊም ሁሉ ያውቃል። የልብን ኒያ አላህ ይፈርድበታል፤ እኛ የምንመዝነው ሥራውን ነው፤ እሱንም አንድ በአንድ።

ደግሞም ወንበር የፕሬዚዳንት ብቻ አይደለም። የቀበሌ ጸሐፊም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም፣ አባወራም ወንበር አላቸው። «ጊዜው ሲመቸኝ እናገራለሁ» እያለ የሚያድር ሁሉ ካርተር ያገኙትን ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ትርፍ ዕድሜ እንደሚያገኝ ማን ዋስ ሆነው? ሲሾም ያልተናገረ ሲሻር ይቆጨዋል።