ሰው ከሥራ የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ እህቴ! ሥራ የሚለቅ ሁሉ ደመወዝ አንሶት አይደለም። በሰው ፊት የሚያዋርድ አለቃ፣ ከኋላ የሚያማ ባልደረባም ከወንበር ያስነሳል።

ኡሑድን አስታውሱ፤ 3ኛው ዓመተ ሂጅራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ቦታችሁን አትልቀቁ» ብለው ካቆሟቸው 50 ቀስተኞች አብዛኞቹ ምርኮ ለመሰብሰብ ወረዱ። 70 ያህል ሶሐቦች ሸሂድ ሆኑ፤ የነቢዩም ፊት ቆሰለ። በእኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን? የስንብት ደብዳቤው በማግስቱ ይጻፍ ነበር! ሱረቱ አሊ ዒምራን አንቀጽ 159 ግን ሌላ መንገድ አሳየ። ልባቸው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ጥለዋቸው ይበተኑ እንደነበር ነገራቸው፤ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ እንዲያማክሯቸውም አዘዘ።

ማማከሩ ላይ ቆም በሉ። ይቅርታውንስ ብዙዎቻችን እናደርጋለን፤ አንዴ የተሳሳተን ሰው ግን ዳግም ሐሳቡን አንጠይቅም። እሱም ዝም ይላል። ዝም ያለ ሠራተኛ ደግሞ ልቡ ከሄደ ቆይቷል።

የነቢዩ ምክክር ግን አልተቋረጠም። በ5ኛው ዓመት መዲና ልትከበብ ስትል ኸንደቅ የመቆፈሩን ሐሳብ ያመጣው፣ በሲራ እንደሚነገረው፣ ባርነት ከበድርና ከኡሑድ ያስቀረው ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩም አፈሩን አብረው ይሸከሙ ነበር፤ ሆዳቸው አቧራ እስኪለብስ ድረስ።