አስመሳይ ሁሉ ሐሰተኛ ነውን?

በአማርኛችን «አስመሳይ» ስድብ ነው። ያልሆነውን ነኝ የሚል፣ ሌላውን መስሎ የሚያታልል ሰው አስመሳይ ይባላል። ዳሩ ግን በኮምፒዩተሩ ዓለም ሥራው ማስመሰል ብቻ የሆነ፣ በዚህም የሚመሰገን ፕሮግራም አለ። ኢሙሌተር ይሉታል። አንድ መሣሪያ ሌላውን መሣሪያ እንዲመስል፣ የዚያኛውን ትእዛዝ እየተቀበለ እንዲፈጽም ያደርገዋል። ከ30 ዓመት በፊት ለአንድ የእጅ መጫወቻ ተብሎ የተሠራ የቪዲዮ ጌም ዛሬ በሌላ መሣሪያ ላይ ሲንቀሳቀስ ብናይ፣ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ያለው ይኸው አስመሳይ ነው።

የድሮ ጌም ወዳጆች አዘውትረው የሚከራከሩበት ጥያቄ አለ። የጥንቱን ጨዋታ ለመጫወት ከአሮጌዎቹ የእጅ መጫወቻዎች የትኛው ይሻላል? የኒንቴንዶ ጌም ቦይ አድቫንስ? የሶኒ ፒ.ኤስ.ፒ.? ወይስ የእርሱ ታናሽ ቪታ? ላይ ላዩን ሲታይ የገበያ ጥያቄ ነው። ጠለቅ ብለን ስናየው ግን «ይሻላል» የሚለው ቃል ሌላ ጥያቄ አዝሏል። የሚሻለው ለምኑ ታማኝ ሲሆን ነው? ለዕቃው፣ ለተጻፈው ትእዛዝ፣ ወይስ ለትዝታችን?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የመጀመሪያው ጌም ቦይ እ.ኤ.አ. በ1989 በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ከሠሪዎቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጉንፔይ ዮኮይ ነው። የዮኮይ እምነት አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ የቆየውን፣ የረከሰውንና የተፈተነውን ወስዶ ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ይሻላል የሚል ነበር። ስለዚህም ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ስክሪኑ የሚያሳየው 4 የጥላ ደረጃዎችን ብቻ ሲሆን፣ መጠኑም 160 በ144 ነጥብ ነበር። ከውስጥ የሚያበራለት መብራት እንኳ አልተሰጠውም። በ1990 የመጣው፣ በቀለም ያሸበረቀው የሴጋ ጌም ጊር 6 ባትሪዎችን በጥቂት ሰዓታት ይጨርስ ነበር። ድሃው ጌም ቦይ ግን በ4 ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ገበያውም ለድሃው ሆነ።

ይህ ድህነት የጨዋታዎቹ ሥጋ ሆነ። የጌም ቦይ ስክሪን ዘገምተኛ ነው፤ ምስሉ ሲለወጥ የቀደመው ጥላ ወዲያው አይጠፋም። አንዳንድ የጨዋታ ደራሲዎች ይህን ጉድለት መሣሪያ አደረጉት። አንድን ምስል በፍጥነት ብልጭ ድርግም ሲያደርጉት፣ በዚያ ስክሪን ላይ ከበስተኋላው ያለውን የሚያሳይ ስስ ጥላ ይመስላል። በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስም በመጀመሪያ መብራት ስላልነበረው፣ ብዙዎቹ ደራሲዎች በጨለማው ስክሪን ላይ እንዲታይ ሲሉ ቀለሙን ሆን ብለው አደመቁት።

እንግዲህ እናነጻጽር። ጌም ቦይ አድቫንስ የአያቱን አንጎል በሆዱ ይዞ የተወለደ ነው። የ1989ኙን ጨዋታ የያዘውን ካርትሪጅ ሲጎርስ ማስመሰል አያስፈልገውም፤ ራሱ ያው ይሆናል። ለዕቃው ታማኝ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ሠሪው ራሱ በዚሁ መሣሪያ ላይ አንድ አማራጭ ጨምሯል፤ ከትከሻው ካሉት ቁልፎች አንዱ ሲነካ የድሮው ጠበብ ያለ ምስል ወደ ጎን ይለጠጣል። ባለቤቱም ቢሆን የገዛ ሥራውን መልክ ሲያጣምም አላቅማማም።

በ2004 የወጣው ፒ.ኤስ.ፒ. የአድቫንስን ጨዋታ በማስመሰል ብቻ ነው የሚያጫውተው። ስክሪኑ 480 በ272 ነጥብ ነው፤ የአድቫንስ ምስል ደግሞ 240 በ160። በወርዱ ልክ እጥፍ ይሆናል፤ በቁመቱ ግን አይበቃም። ስለዚህ ተጫዋቹ ወይ ምስሉን በጥቁር ክፈፍ መካከል አሳንሶ ያየዋል፣ ወይም ለጥጦ ያበላሸዋል። በ2011 የመጣው የመጀመሪያው ቪታ 960 በ544 ነጥብ ያለው እጅግ ብሩህ ስክሪን አለው። ችግሩም ብሩህነቱ ነው። ለጨለማ የደመቀው ቀለም በብርሃን ላይ ዓይን ይወጋል። በዘገምተኛው ስክሪን ስስ ጥላ የነበረውም ምስል በፈጣኑ ላይ የሚንቀጠቀጥ ብልጭታ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ቪታ አንዲት ነጥብ ሳያጓድል የተጻፈውን ያሳያል፤ የታየውን ግን አያሳይም። ይህን ያወቁ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥራት ያለውን ምስል መልሶ የሚያደበዝዝ፣ ቀለሙን የሚያደክም፣ የጥንቱን ጥላ የሚያስቀር ማጣሪያ ሠሩ። እውነቱ እንዲታይ ጉድለት ተጨመረ ማለት ነው። ፊደሉን ሳይነካ መንፈሱን የሚገድል ቅጂ ካለ፣ ፊደሉን እየነካ መንፈሱን የሚያድን ቅጂም አለ።

የብራና መጻሕፍት ገልባጮች ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ በሙሉ አካሉ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ያቆዩትም ተከታትለው የገለበጡት እጆች ናቸው። ከገልባጮቹ ብዙዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን ጽፈው ለስሕተታቸው ይቅርታ ይለምኑ ነበር። ገልባጭ ነኝ ያለን ሰው አስመሳይ ብሎ የሰደበው የለም።

ይሁን እንጂ ማስመሰል ሌላም ፈተና አለበት፤ የሌላውን ንብረት ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኩባንያ በከሰሰበት ጉዳይ፣ ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የሌላውን ማሽን አሠራር መርምሮ መረዳት ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ወሰነ። ጨዋታውን ሳይገዙ ገልብጦ ማሠራጨት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2024 ኒንቴንዶ ገና በገበያ ላይ የነበረውን ስዊች የተባለ መጫወቻውን የሚያስመስለውን ዩዙን ሲከስ፣ ሠሪዎቹ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ሥራቸውን አቆሙ። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠውን፣ ሠራተኞቹ ደመወዝ የሚጠብቁበትን ሥራ በነጻ መበተን በምንም ስም ቢጠራ ያው መውሰድ ነው።

ለሞተው ገበያስ ምን እንበል? የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚያጠናው የአሜሪካ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ እንደማይገኙ ገልጿል። በዚያው ዓመት መጋቢት ኒንቴንዶ የ3ዲ.ኤስ. መጫወቻውን የኢንተርኔት ሱቅ ለአዲስ ገዢ ዘጋ። ባለቤቱ አልሸጥም ካለ፣ ሌላውም እንዳያቆየው ከከለከለ፣ ሕጉ የሚጠብቀው ንብረት ነው ወይስ መቃብር? ሕግ የባለቤትን ጥቅም ይጠብቅ ዘንድ ተገቢ ነው፤ ሥራው ራሱ እንዲጠፋ የማድረግ መብት ግን ለማንም ሊሰጥ የሚገባው አይመስለኝም።

ጥፋቱ ደግሞ ቀስ በቀስ እየደረሰ ነው። በ1996 በጃፓን የወጣውን የመጀመሪያውን የፖኬሞን ካርትሪጅ ብንከፍተው በውስጡ የሳንቲም ያህል ባትሪ እናገኛለን። የተጫዋቹን መዝገብ፣ ይኸውም ሕፃኑ የሰበሰባቸውን ፍጡራንና የሰጣቸውን ስሞች፣ የሚያቆየው እርሱ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጨዋታው ይኖራል፤ መዝገቡ ግን ይጠፋል። ያ መዝገብ የማን ነው? ኩባንያው አልጻፈውም፤ የጻፈው ልጁ ነው። የዚያ ልጅ እናት ወይም ወንድም ከ20 ዓመት በኋላ ካርትሪጁን ከሣጥን ቢያወጡት፣ መዝገቡን ወደ ሌላ ማሽን ከሚገለብጥ ሰው በቀር የሚያድንላቸው የለም። ለዕቃው ብቻ ታማኝ እንሁን ብንል የምናጣው ይህንን ነው።

ስለዚህ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። ካርትሪጁ በእጁ ያለና የሚሠራለት ሰው ጌም ቦይ አድቫንስን ይያዝ፤ ከዚያ የቀረበ የለም። ዕቃው የሞተበት፣ ገበያውም የተዘጋበት ግን ፒ.ኤስ.ፒ.ውን ወይም ቪታውን ቢይዝ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም፤ ምን እንደተለወጠ ማወቁ ብቻ ይበቃዋል። ማስመሰል ሐሰት የሚሆነው ራሱን ሲሰውርና የሕያዉን እንጀራ ሲነጥቅ ነው። ይህን ሁለቱን ካላደረገ ስሙ አስመሳይ ቢሆንም ግብሩ የአደራ ጠባቂ ነው።