ዛፉን ሳትመረምር መርጫውን አታንሳ

ልጄ፣ ሐርቡ ላይ የተከልኸው ብርቱካን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው ብለህ መጨነቅህን ሰምቻለሁ። አብሽር። ብቻ ነገ በማለዳ ኮምቦልቻ ወጥተህ ከመድኃኒት ሱቅ ያገኘኸውን ጠርሙስ ይዘህ እንዳትመለስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ዛፍ ሲርበውም፣ ሲጠማውም፣ ውሃ ሲበዛበትም፣ ተባይ ሲይዘውም፣ ሲበርደውም ቢጫ ይሆናል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይገድለዋል።

በመጀመሪያ ዛፉ የቆመበትን አገር እይ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ወደ 1,850 ይወርዳል፤ ሐርቡ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ደሴ ግቢው ውስጥ ማንጎ ተክሎ «አላፈራም አለኝ፣ ምን ልርጭበት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለብርድ የሚረጭ ነገር የለም። ደሴ ላይ ኮክና አፕል ይትከል፤ ማንጎውን ታች ላለው ለቃሉ ወረዳ ሰው ይተውለት።

የአንተ ቦታ ግን ለብርቱካን የሚስማማ ነውና ዛፉ ሥር ቁምና ተመልከት። የታመመው ሁሉም ነው ወይስ አንድ ሁለቱ? ማሳው በሙሉ እኩል ከገረጣ አፈሩን ወይም ውሃውን ጠርጥር። ተባይና ተላላፊ በሽታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ነው የሚዛመተው። ቀጥለህ የገረጣው አሮጌው ቅጠል ይሁን ለጋው ለይ። አሮጌው ከሆነ ዛፉ ናይትሮጂን ወይም ማግኒዚየም አጥሮት ይሆናል፤ የተብላላ ፍግና ብስባሽ ስጠው። ለጋው ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ብረት አጥሮት ይሆናል፤ ኖራ የበዛበት ወይም ውሃ የሚተኛበት መሬት ይህን ያመጣል።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋልና ቆፍር። ከግንዱ ራቅ ብለህ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍርና ቀጫጭኑን ሥር በሁለት ጣትህ ይዘህ ሳብ አድርገው። ጤነኛ ከሆነ ነጣ ይላል፣ አይላላጥም። ጠቁሮ ልጣጩ ጣትህ ላይ ከቀረና መሃሉ ላይ ክር የመሰለው ብቻ ከተረፈ ሥሩ በስብሷል። የቦርከና ዳር መረሬ ውሃ ያዥ ስለሆነ አቮካዶና ፓፓያን እንዲህ እያደረገ ይጥላል። የሚያንገበግበኝ፣ ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ ሲጠወልግ ባለቤቱ ጠማው ብሎ ሌላ ውሃ ይለቅበታል። እንዲህ ባለ መሬት አፈሩን ከፍ አድርገህ ከምርና እላዩ ላይ ትከል፤ ቦይም አውጣለት። ብርቱካንህ ከግንዱ ግርጌ ሙጫ ካፈሰሰም መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥር። በመስኖ ጊዜ ውሃው ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን አፈር አስታቅፈህ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች አጠጣው። ችግኙ የተዳቀለበት ቦታም አፈር ውስጥ አይቀበር።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ባለሙያዎቹ ሲትረስ ግሪኒንግ የሚሉት የብርቱካን በሽታ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በትግራይና በሰሜን ወሎ ብርቱካኖች ላይ ምልክቱ ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ የእስያው ዓይነት ባክቴሪያ መሆኑ በ2010 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ሰሜን ወሎ ሩቅ አገር አይደለም። ከሐይቅና ከውጫሌ ወዲያ መርሳ ነው፤ በዚያ መንገድ ፍራፍሬውም ችግኙም ሲመላለስ ይውላል። የአፍሪካው ዓይነት ሙቀት አይወድም፤ የእስያው ግን ሙቀቱን ይችለዋልና ቆላ ነኝ ብለህ አትዘናጋ። በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታደርሰው ከኑግ ፍሬ የማትበልጥ ነፍሳት ናት። ለጋ ቅጠል ትወዳለች፤ የእስያዋ ስትመጥ ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ ነው የምትቀመጠው። ዝናብ ጥሎ ዛፉ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ የቅጠሉን ጀርባ እየገለበጥህ ፈልጋት።

በሽታውን ለመጠርጠር እስክሪብቶ ይበቃሃል። የገረጣውን ቅጠል መዳፍህ ላይ ዘርጋና ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ፣ ትክክል ፊት ለፊት፣ ሁለት ክብ አድርግበት። ክቦቹ ውስጥ ያለው መልክ ከተመሳሰለ የዚንክ ወይም የሌላ ምግብ እጥረት ነው ብለህ አስብ። አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ከሆነ፣ መልኩም ዝብርቅርቅ ካለ ልብህ ይጠርጥር። ከዚያ ፍሬውን ቁረጠው። ጎኑ የተጣመመ፣ ከታች አረንጓዴ ሆኖ የቀረ፣ ዘሩ የጠቆረና የመነመነ፣ ሲቀምሱት የሚመር ከሆነ ጥርጣሬህ ከፍ ይላል። ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልለህ ለወረዳው ግብርና ባለሙያ አሳይ፤ ምርምር ማዕከል ካለ ሰው ጋር ያገናኝህ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ላቦራቶሪ ነው። የተደበቀ በሽታ መድኃኒት የለውምና ስም ይወጣብኛል ብለህ አትፈር።

ግሪኒንግ ከተረጋገጠ ያ ዛፍ አይድንም። ነፍሳቷን ለመግታት መርጨት አንድ ነገር ነው፤ የታመመውን ዛፍ አድናለሁ ብሎ መርጨት ግን ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በሽታው በ2005 እ.ኤ.አ. ተገኘባት፤ ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ምሁር ይዛ የብርቱካን ምርቷ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። አባት የተከለውን ብርቱካን በገዛ እጅ መንቀል እንደሚያም አውቃለሁ። ቢሆንም ንቀለው፤ ቆሞ በዋለ ቁጥር ጎረቤቱን ይበክላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ግን ከዚያ በፊት፣ ከችግኙ መጀመር ነው። በሽታው ለማዳቀያ በሚቆረጠው ቅርንጫፍም ይሄዳልና እናቱ ያልታወቀች ችግኝ ርካሽ ናት ብለህ ከመንገድ ዳር አትግዛ።

ስለ መርጫውም ልንገርህ። ለጫት የተገዛ ማላታይን ተርፎ ብርቱካን ላይ ሲደፋ ይታያል፤ ይህን አታድርግ። አበባ ላይ ከረጨህ ንብ ትገድላለህ፣ ንብ ከሌለች ፍሬው ይቀንሳል። ተባዩን የሚበሉት ጥንዚዛዎችም አብረው ያልቃሉ፤ በኋላ የሚመጣው ከፊተኛው ይብሳል። የግድ ካስፈለገ መጠኑንና ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀን ከጠርሙሱ ላይ አስነብብ፤ ባዶ ዕቃውን ሚስትህ ውሃ እንዳትቀዳበት።

ማንጎህንም አትርሳ። በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ አንድ የግል እርሻ ላይ የታየ ነጭ ተባይ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በአገሩ ብዙ ቦታ ተዛምቷል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይበትናል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ይጥላል፣ ገበያ ያሳጣል። ከለቀማ በኋላ መሃሉን ግረዝለት፣ ብርሃንና ነፋስ ይግባው፤ የገረዝኸውን እዚያው ሰብስበህ አቃጥል። የወደቀ ፍሬም ከዛፉ ሥር አይደር። የፍራፍሬ ዝንብ ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ነው የሚለወጠው፤ ግማሽ ሜትር ቆፍረህ ቅበረው።

ይህን ሁሉ አንተ ብቻህን ብታደርገው ከአጥር ወዲያ ያለው ዛፍ ያከሽፈዋል። ነፍሳቷ አጥር አታውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ጉዳዩን የሠፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ፊት አቅርበው። ቅሬ የተሠራው ለቀብር ብቻ ነው የሚልህ ካለ፣ ብርቱካኑ ሲያልቅ ቤቱም እንደሚጎድል ንገረው። የሠፈሩ ሰው ከዝናቡ በኋላ ቀን ቆርጦ ሁሉም በአንድ ጊዜ የየማሳውን ለጋ ቅጠል ይይ። ዛፉን የነቀለ ሰው ጉዳቱን ብቻውን እንዳይሸከም ደግሞ ቅሬው አዋጥቶ ጤናው የታወቀ ችግኝ ይግዛለት።