የቆመ ሞተርና የቆመች ነፍስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች! ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ረጅም ዳገት ይወጣል። በዚያ ሙቀትና ዳገት ዘይቱ የጎደለ ወይም የራዲያተሩ ውኃ ያለቀ ሞተር በድንገት ደርቆ ሊቆም ይችላል። ቁልፍ ቢያዞሩለት አይነሣም።

ታዲያ አስተዋይ መካኒክ ምን ያደርጋል? ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ሞተር አበቃለት» ብሎ አይፈርድም፤ በጉልበትም አያስገድደውም። በመጀመሪያ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ይመረምራል፤ ጥፋቱ ከሞተሩ ላይሆን ይችላልና። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ያያል። ከዚያም ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ ለማዞር ይሞክራል። ውኃ ተፈናጥሮ ወጥቶ ሞተሩ ከዞረ፣ ያገደው ወደ ሲሊንደሩ የገባ ውኃ ነበረ ማለት ነው። ብዙ ዘመን ቆሞ የከረመ ከሆነ ፒስቶኑን ያጣበቀው ዝገት ሊሆን ስለሚችል፣ በሲሊንደሩ ዘይት አፍስሶ በትዕግሥት ይጠብቃል። ያለ ዘይት ሲሠራ የቆየ ከሆነ ግን ብረት ከብረት ተፋጭቶ ተበልቷልና ሞተሩ ወርዶ ይፈታል።

በጣናም ላይ እንዲሁ ነው። በጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የውኃ መግቢያውን ከደፈነው ሞተሩ ግሎ ይቆማል። ልብ በሉ! በውኃ ተከቦ ሳለ በውኃ እጦት ይቃጠላል። እኛም ክብራን ገብርኤልና ዑራ ኪዳነ ምሕረት በአጠገባችን ሳሉ፣ የልባችን መግቢያ ከተደፈነ ከጸጋው ምን እናገኛለን?

እንግዲህ ከመዝሙርና ከትምህርት የቀረ ወንድም ቢኖር፣ «ዓለም ወሰደው» ከማለታችን በፊት መካኒኩ የሚጠይቀውን እንጠይቅ። ምናልባት የታመመች እናቱን እያስታመመ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ የደከመው ባትሪው ነው እንጂ ሞተሩ ደኅና ነው። ምናልባት ኀዘን እንደ ውኃ ገብቶበት ይሆናል፤ የሚያፈስበት ሰሚ ጆሮ ይሻል። ምናልባትም ከመራቁ የተነሣ ኀፍረት እንደ ዝገት ይዞት ይሆናል፤ ፍቅር አፍስሰን እንጠብቀው እንጂ በቁጣ አንግፋው፤ የዛገ ሞተር በጉልበት ሲዞር ይሰበራልና። ኃጢአት የበላው እንኳ ቢሆን ተፈትቶ የሚታደስበት ጋራዥ አለው፤ ይኸውም ንስሐ ነው።

ስለራሳችንም እንንቃ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረላቸው አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት ይዘው ነበር፤ የጎደላቸው ዘይት ነው። የዘይቱ ቀይ መብራት ሲበራ ብልህ ሾፌር ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ያጠፋል፤ «ጥቂት ልሂድ» የሚል ግን ለአንድ ሊትር ዘይት ሳስቶ ሙሉ ሞተር ይከፍላል። ጸሎት ሲሰለቸን፣ ከወንድማችን ጋር ተኳርፈን መተኛት ሲቀለን፣ ያ መብራት በርቷልና እንቁም። ዘይት የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ እኛም ቀኑን ሳንጀምር ራሳችንን እንለካ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።