ሃይማኖቱ ልዩ የሆነ ወታደር

ንጉሥ ሃይማኖቱን የማይከተለውን ሰው ወታደር አድርጎ ቢቀጥር፥ ይህ ሥራ የፍቅር ሥራ ሊባል ይገባልን? ብዙ ሰዎች የቀድሞ ነገሥታትን የሃይማኖት ልዩነት ያልገደባቸው ቸሮች እያሉ ያመሰግኑአቸዋል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ምስጋናው ቦታውን የሳተ ይመስላል።

ዐፄ ይስሐቅ ከ1414 እስከ 1429 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በነገሡበት ዘመን፥ አልጡንቡጋ የተባለ የመምሉክ አለቃ ከግብፅ ሸሽቶ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ገባ። የግብፁ ታሪክ ጸሓፊ አል መቅሪዚ እንደ ጻፈው፥ ይህ እስላም ለክርስቲያኑ ሠራዊት ፍላጻ መወርወርን፥ በጦርና በሰይፍ መዋጋትን፥ ነፍጥ የሚባለውንም ዘይት እያነደዱ በጠላት ላይ መጣልን አስተማረ። (ነፍጥ የሚለው የዐረብ ቃል ኋላ በአማርኛ የጠመንጃ ስም ሆኖ ቀርቷል።) ያ ሠራዊት የሚዘምተው በማን ላይ ነበረ? በአዳል እስላሞች ላይ ነው። እንግዲህ አልጡንቡጋ በሃይማኖት ወንድሞቹ ላይ የሚመዘዘውን ሰይፍ ሲስል ኖረ ማለት ነው።

ንጉሡ ስለ ምን እርሱን መረጡ? ጥበቡ አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። የአገር መኰንን ርስት አለው፥ ዘመድ አለው፥ ቢቈጣም የሚሸሽበት አምባ አያጣም። ስደተኛው ግን ከንጉሡ ፊት በቀር መጠጊያ የለውም። ያመኑት ሃይማኖቱን አክብረው ሳይሆን ብቸኝነቱን አይተው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህም የኢትዮጵያ ነገሥታት ልማድ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ሜዲቴራኒያን ዳርቻ የአራጎን ንጉሥ ጴጥሮስ 3ኛ፥ በ1285 ዓ.ም. የሮማ ፓፓ የባረከው የፈረንሳይ ጦር በመጣበት ጊዜ፥ ከሰሜን አፍሪካ የቀጠራቸውን እስላም ፈረሰኞች አሰለፈ። የሞሮኮው ከሊፋ አል ማእሙን ደግሞ በ1230 ዓ.ም. ገደማ በካስቲልያ ክርስቲያን ወታደሮች ረዳትነት ማራኬሽን ይዞ፥ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላቸው ፈቀደ። ቤተ ክርስቲያኑ የደመወዛቸው አንድ ክፍል ነበረ።

የወታደሩ ነገር ግን ይከብዳል። ሰው ጉልበቱንና ጥበቡን ሸጦ ሕሊናውን ለራሱ ሊያስቀር ይችላልን? አል ተብሪዚ የተባለ የፋርስ ነጋዴ፥ እስላም ሆኖ ሳለ፥ ለዐፄ ይስሐቅ የጦር መሣሪያ ያቀርብ ነበር፤ መልእክታቸውንም ይዞ ወደ ፈረንጅ ነገሥታት ሄደ። በ1429 ዓ.ም. በካይሮ ተይዞ፥ ለጠላት መሣሪያ አቀረበ፥ በሁለት ሃይማኖትም ቀለደ ተብሎ በሞት ተቀጣ። የአልጡንቡጋ ሥራ ከነጋዴው ሥራ እጅግ የራቀ አልነበረም፤ አንዱ ከንጉሡ ጥላ ሥር ተቀመጠ፥ ሁለተኛው ከጥላው ወጥቶ ተገኘ።